በጎቻችን ዝናቡን ተከትለው የሄዱ ጊዜ

ጅጅጋ ውስጥ አንድ በግ ከአንድ የቻይና ፔርሙስ የረከሰበት ጊዜ ነበር። ለልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም፤ እኔ ግን ፔርሙሱንም በጉንም ገዝቻለሁና አውቃለሁ። አረቦቹ «ከብታችሁ በሽታ አለበት» ብለው መርከብ መላክ አቆሙ። በዚያው ዓመት ዝናቡም ቀረ። ወደ ወደብ የሚነዳው በግ መሄጃ አጣ፣ ሜዳ ላይ ያለውም የሚግጠው አጣና ሁሉም ወደ ከተማችን ጎረፈ። ራሳቸው ጥቁር፣ ገላቸው ነጭ የሆኑ በጎች ከገበያው ተርፈው መንገዱን ሞሉት። ጠዋት ወደ ቢሮ ስሄድ «እስኪ አሳልፉኝ» እያልኩ ነበር በመካከላቸው የማልፈው።

ለባለ በጎቹ ጭንቅ ነበር። እኛን ደመወዝተኞቹን ግን እብደት ያዘን። የቢሮው ዘበኛ በግ ገዛ፣ ሒሳብ ሹሟ ገዛች፣ መርፌ የምትወጋው ነርስ ሳይቀር ገዛች። ነገሩ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነበር። እኔ ግን ራሴን ከዶሮዎቹ ጋር አልቆጥርም ነበር። እኔ አዋቂ ነበርኩ።

አዋቂነቴ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከታይፕራይተር ነው። የምሠራው በአንድ ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ሲሆን፣ ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን የከብት ገበያ ዋጋ የምተይበው እኔ ነበርኩ። ግመል ይህን ያህል፣ በሬ ይህን ያህል፣ በግ ይህን ያህል። ቁጥሩ በጣቶቼ ስር እያለፈ ሲወርድ ከማየቴ የተነሣ፣ የት ላይ እንደሚቆም የማውቅ መሰለኝ። አያቴ ወታደር ሆነው መጥተው የቀሩበት ከተማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሶማሊኛውን እንደ አማርኛዬ እናገራለሁ፤ ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ በግ የማውቀው ወጥ ውስጥ ነው።

ያን ጊዜ ታጭቻለሁ። እጮኛዬ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የኮቱ እጅጌ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አዲጋላ ትዛወራለህ የሚል ወሬ ደርሶታል። አዲጋላ የባቡር ጣቢያ ያለባት ሩቅ ከተማ ናት፤ እኔ ቢሮዬን ትቼ ልከተለው አልችልም፣ እሱ ትቶኝ መሄድ አልፈለገም። የሚያስቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሚስቱ ጅጅጋ የምትሠራ ባለ ትዳር መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ማቅረብ። ታዲያ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ለምን አልፈረማችሁም ይባል ይሆናል። አባቴን የሚያውቅ እንዲህ አይልም።

«ያለ ድግስ የምድራት ልጅ የለችኝም» አለ አባባ። «ከድሬዳዋም ከሐረርም ከባቢሌም ሰው ጠርቻለሁ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ነው። አልሆነም ማለት አልሆነም ነው፤ እሱም አዲጋላው ይሂድ።»

ለድግሱ ሁለታችን ያጠራቀምነው ገንዘብ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ይበቃል፣ ግን በጭንቅ። ይህንን ገንዘብ አሁን በረከሰው በግ ላይ ብናውለው፣ አረቦቹ ሲመለሱ ብንሸጠው፣ ድግሱም ይደምቃል፣ ከላዩ ላይ ባለ መስታወት ቁም ሣጥንም ይተርፈናል። እጮኛዬ ይህንን ሲሰማ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ይመስል በጣቱ አየር ላይ መስመር ሳለ፤ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከዚያ ሽቅብ የሚነሣ። «እዚህ እጥፋቱ ላይ ነው መግዛት ያለብን» አለ፣ የሌለውን መስመር እየነካ። እኔም እጥፋቱ ታየኝ።

ሦስተኛዋ ሸሪካችን ጎረቤታችን ናት። ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ ይላታል፤ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ስትስቅ ሱቋ ውስጥ የተሰቀለው ሻሽ ሁሉ ይወዛወዛል። የእህቷ ልጅ፣ አንድ ጎልማሳ ሰው፣ ከከተማ ውጭ ከብት ያረባል፤ በጎቻችንን እሱ ሊጠብቅልን ተስማማ። ኤዶ ራሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአስፋልቱ ርቃ አታውቅም። ቢሆንም ስለ በግ ስታወራ ከበግ ጋር ያደገች ነው የምትመስለው።

«አሁን አይደለም» ትላለች በየገበያው ቀን። «ገና ይወርዳል፣ ወላሂ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትሉ የለም እንዴ እናንተ?»

«እንቁላሉስ ይሂድ» ይላል አባባ ከበረንዳው። «እኔ የምፈራው በጎቹ በእግራቸው እንዳይሄዱ ነው።»

እኛ እንስቅበታለን። ዋጋው እውነትም በየሳምንቱ ይወርዳል፤ ሰኞ ስተይበው ደስታዬን መደበቅ ያቅተኛል። ሳንገዛ በቆየን ቁጥር ያተረፍን ይመስለናል። አንድም በግ ሳይኖረን በሐሳባችን ቁም ሣጥኑን ገዝተን፣ የት ግድግዳ ጋ እንደሚቆም ተጣልተን፣ ታርቀናል። ታዲያ በአንድ ሰኞ ዋጋው ጥቂት ከፍ ብሎ መጣ። ጥቂት ብቻ። ታይፕራይተሩን እንደተከፈተ ትቼ የምሳ ሰዓት ሳልጠብቅ ወደ ኤዶ ሱቅ ሮጥኩ። «እጥፋቱ አመለጠን!» አልኳት። በማግስቱ ማለዳ ሦስታችንም ገበያ ነበርን።

የከብት ገበያ ግዢ በአፍ አይደለም። ደላላውና ገዢው እጃቸውን በጨርቅ ስር አድርገው በጣት ነው የሚነጋገሩት፤ ዋጋውን ዙሪያውን የቆመ ሰው እንዳያውቅ ነው። የእኔም የኤዶም እጅ ከደላላ እጅ ጋር በጨርቅ ስር ሊገባ አይገባም፤ ስለዚህ መምህሩ ገባ። እዚህ ላይ እኔ እጮኛው የማላውቀው፣ እሱም ለማንም ያልነገረው ጉድ ወጣ። እጮኛዬ ሲኮረኩሩት አይችልም።

ደላላው በሽርጡ ስር ጣቶቹን ያዝ ሲያደርገው እጮኛዬ በሳቅ ፍርፍር አለ። ደላላው ፊቱ ተኮሳተረ፤ በጠራው ዋጋ የተሳቀበት መስሎት ቀነሰ። ጣቱን ሲቀይር ይሄኛው ከፊተኛው ባሰ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሌሎቹ ደላሎች መሰብሰብ ጀመሩ። «ይሄ ሰውዬ ነጋዴ ነው፣ የሚያውቀው ነገር አለ» ይባባላሉ በሶማሊኛ፤ እኔ እሰማለሁ፤ ኤዶ በሻሿ አፏን ይዛ ትንቀጠቀጣለች። እሱ ምስኪኑ «በቃ፣ በቃ፣ እሺ» ለማለት አፉን ቢከፍት የሚወጣው ሳቅ ብቻ ሆነ። ደላላው በመጨረሻ ጨርቁን ገፍፎ «ውሰደው!» አለው፣ ልክ እንደተዋረደ ሰው።

በቆርቆሮው ገንዘብ ያሰብነውን ሳይሆን ካሰብነው በላይ ሠላሳ በግ ነዳን። ሁሉም ሴት። «ሴት ትወልዳለች» ብሎ ያዘዘው መምህሩ ነው፤ እኔና ኤዶም ብልህ ነው ብለን አጨበጨብንለት። እኔ በዚያ ቀን ለሠርጌ ብዬ ያስቀመጥኩትን ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥቼ፣ የእኛ መሆናቸው እንዲታወቅ የሠላሳዎቹንም የፊት እግር ሰኮና ቀባሁ። የኤዶ የእህት ልጅ ቆሞ ያየኝ ነበር። ፊቱን አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ ከሁሉ የተደሰትኩባቸው ናቸው ብል አልዋሸሁም። በጎቹ ከከተማው ዳር፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ አጠገብ ነበሩ። ድርቁ ሁሉንም ሰው ወደ ውሃው ሰብስቦት ስለነበር ሩቅ መሄድ የለም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላችንን እንዳጣፋን፣ በጎቻችንን ልንጠይቅ እንሄዳለን። ከስተዋል። ለእኛ ግን ያምሩናል። እጮኛዬ ከመካከላቸው አንዷን «ቁም ሣጥን» ብሎ ሲጠራት ቀና ብላ አየችው፤ ይህንን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረናል።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት አልቀረውም፤ ዋጋው ግን እንደተኛ ነው። መፍራት ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ግንባሬ መሬት ሲነካ የማስበው ስለ ኃጢአቴ ሳይሆን ስለ አዲጋላ ነው። ባቡሩ ፉጨቱን እያሰማ እጮኛዬን ይዞት ሲሄድ ይታየኛል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኤዶ ሬዲዮኗን እንደታቀፈች ግቢያችን ድረስ መጣች። አረቦቹ ተመልሰዋል። መርከቦቹ ወደብ ላይ እየጫኑ ነው። እናቴ በሕማማት ሳቅ ነውር ነው ብላ አፌን በመዳፏ እስክትይዘኝ ድረስ ጮኽኩ።

በዚያው ምሽት ዘነበ። የጅጅጋ ሰው ዝናብ ከናፈቀ በኋላ ሲዘንብ ያላየ ሰው ከተማ ሲሰክር አላየም። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። ሽማግሌዎች ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ቆሙ። ኤዶ ጨርቁ ይረስ አይረስ ሳትል ከሱቋ ወጥታ እጆቿን ዘርግታ ትዞራለች። የአባባ ጣሪያ ቆርቆሮ እንዲያ ሲጮኽ እኔና እጮኛዬ መነጋገር አቅቶን እየተያየን ብቻ እንስቃለን። አረቦቹም መጡ፣ ዝናቡም መጣ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

በማግስቱ ዋጋው በአንድ ጊዜ ተተኮሰ። ሰኞን አልጠበቅኩም፤ ሦስታችንም በጎቻችንን ነድተን ገበያ ልናስገባ በነጋታው ማልደን ወደ ውሃው ጉድጓድ ሄድን። ጉድጓዱ ሞልቷል። እርጥብ መሬት አለ፣ የሰኮና ኮቴ አለ፣ የተነቀለ ጎጆ ቦታ አለ። በግ የለም። የእኛ ብቻ አይደለም፤ የማንም የለም።

እጮኛዬ ጭቃው መካከል ቆመ። ለረጅም ጊዜ ኮቴውን አየ። ከዚያም በክፍል ውስጥ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ «አርብቶ አደሮች» አለ፣ «ዝናብንና ግጦሽን ተከትለው ከቦታ ወደ ቦታ ይንቀሳቀሳሉ።» ይህንን በየዓመቱ ሲያስተምር፣ ፈተና ላይ ሲያወጣ፣ ከሳተው ልጅ ነጥብ ሲቀንስ ኖሯል። ተቀምጬ ሳቅኩ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ግን የፊቱ ነገር አላስቻለኝም።

«ታዲያ ዝናብ ዘንቦ ምን ሊያደርጉ ይቆማሉ?» አለች ኤዶ፣ ጥፋቱ እሷን ሳንጠይቅ የቀረነው የእኛ ይመስል። እሷም ረስታው እንደነበር ግን ከዓይኗ አየሁ።

ነገሩ የገባኝ በሚቀጥለው ሰኞ ስተይብ ነው። ዋጋው ሰማይ የነካው አረቦቹ ስለመጡ ብቻ አይደለም፤ ገበያው ውስጥ በግ ስለሌለ ነው። በግ የሌለው ደግሞ የእኔንም ጨምሮ ሁሉም ሣር ፍለጋ ስለሄደ ነው። በረከሰ ጊዜ ደጃችን ላይ ነበሩ፤ በተወደደ ጊዜ ከአድማስ ማዶ ናቸው። ለስንት ዓመት የተየብኩት ቁጥር ይህ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በግ ከሄደ እኔ ዋጋ እጽፋለሁ።

ፋሲካ እንዳለፈ እኔና እጮኛዬ ስኳር በጫነ መኪና ላይ ወጥተን የኤዶ እህት ወደምትኖርበት ወደ ሐርተሼክ ሄድን፤ ኤዶም «እህቴን ላያት» ብላ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። ያን ጊዜ ሞባይል የሚባል አልገባም። ሐርተሼክ ሻይ ቤት ገብተን ስንጠይቅ ግን ሁሉም ሰው የእህቷን ልጅ የት እንዳለ ያውቃል፤ «ትናንት ደመናው የወረደበት ጋ» ይሉናል፣ በእጃቸው እያሳዩ። በእግራችን ደመና ስንከተል ዋልን። ከደመናው በታች አገኘናቸው።

በጎቹን አላወቅኳቸውም። ወፍረዋል፤ ከስራቸው ግልገሎች ይዘላሉ። የጥፍር ቀለሙ ለምልክት እንኳ የለም። የእህቷ ልጅ ወተት ሰጠን፣ አስቀመጠን፣ ልንሸጣቸው እንደመጣን ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝ።

«አሁን ገና መብላት ጀመሩ» አለ። «በጭቃ ብነዳቸው ሲደርሱ ቆዳ ናቸው። እናቶቹም ልጆቻቸውን ጥለው አይሄዱም።»

«አንድ ብቻ ስጠን» አልኩት። «ለሠርጉ የሚታረድ።»

ደነገጠ። «የምታጠባ በግ ይታረዳል?» አለ። «ወንድ ብትገዙ ኖሮ እሺ። አረቦቹም እኮ የሚወስዱት ወንዱን ነው።» ትንሽ አሰበና ሊያጽናናን ፈለገ። «ዝናቡ ሲቆም እኔው ራሴ እነዳላችኋለሁ።»

«ዝናቡ ሲቆም ዋጋው ይወድቃላ!» አለ እጮኛዬ።

«አዎ» አለ ሰውዬው። «ይወድቃል።»

ስንመለስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። እጮኛዬ ሊገፋ ወርዶ በፊቱ ተደፋ። ላነሣው ወርጄ እኔም ተደፋሁ። እዚያ ጭቃ ውስጥ፣ ያለ ገንዘብ፣ ያለ በግ፣ ከሠርጌ ዘጠኝ ቀን ሲቀረኝ፣ እንዲህ ከልቤ ስቄ እንደማላውቅ ተሰማኝ። ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ወጋኝ፤ ይህ ሰው አዲጋላ ሄዶ እኔ ብቻዬን የምስቅበት ጅጅጋ ታየኝ። «ድግሱ ይሆናል» አልኩት፣ ጭቃውን ከዓይኑ እየጠረግሁ። «በሽሮም ቢሆን ይሆናል።»

አባባ ነገሩን ሁሉ ሰማ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም የማላይ» አለና ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አላናገረኝም። ዳሱን ግን በሰዓቱ ጣለ። ድስቱን እድሩ ሰጠ፣ ቬሎውን ሒሳብ ሹሟ አዋሰችኝ። የሙስሊም እንግዶቻችንን ማዕድ ኤዶ በራሷ ፍየልና በራሷ አራጅ ልትችል ቃል ገባች። የቀረን ለክርስቲያኑ ማዕድ የሚታረድ በግ ብቻ ነው። የሠላሳ በግ ባለቤት ለሠርጓ አንድ በግ መግዣ አጥታ ቁጭ አለች።

እጮኛዬ ለሠርጉ ሱፍ ልብስ ሊያሰፋ ከኤዶ ሱቅ የገዛው ጨርቅ ነበረው። ተሸክሞ ወስዶ መለሰላት። እሷም ገንዘቡን ሰጠችው፤ ከዚያም ጀርባዋን ሰጥታን ጨርቁን ስታጥፍ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ገበያ ስንደርስ ያው ደላላ ነው የጠበቀን። ሽርጡን በእጃቸው ላይ ጣል አደረገና ጣቶቹን ያዝ አደረገው። እጮኛዬ ፍርፍር አለ። ደላላው ፍንክች አላለም።

«ሳቅህንስ ባለፈው ገዝተናል» አለው። «ዛሬ በጉን ነው የምንሸጥልህ።»

እኔ ራሴ በተየብኩት ዋጋ፣ እስከዚያ ቀን ከተየብኩት ሁሉ በሚበልጠው ዋጋ፣ አንድ በግ ገዝተን ወደ ቤት ነዳን። እጮኛዬ እጅጌው ጠመኔ በነካው ኮት ተዳረ። አባባ ስለ በጎቹ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ከመጀመሪያው እያነሣ ሲያወራ አመሸ፤ የድሬዳዋዎቹ ሳቅ ዳሱን ነቀነቀው። እኔ ሙሽራዋ አንገቴን ደፍቼ መቀመጥ ሲገባኝ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። ሰኞ ባለቤቴ የጋብቻውን ወረቀት ይዞ ትምህርት ቤቱ ገባ። አዲጋላ ሌላ መምህር ተላከ።

ዝናቡ ባቆመ ጊዜ የኤዶ የእህት ልጅ በቃሉ መጣ። በጎቹን ከከተማው ዳር፣ ያው ውሃ አጠገብ አቆማቸው፤ ከሄዱት በዝተው። በዚያ ሳምንት የተየብኩትን ዋጋ መናገር አያስፈልግም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቴና እኔ ሄደን በመካከላቸው ቆምን።

«እንሽጥ?» አለኝ። «ወይስ ገና ይወርዳል?»

ነጠላዬን በእጁ ላይ ጣል አደረግኩና ከስር ጣቶቹን ያዝ አደረግኋቸው፣ ልክ እንደ ደላላው። ዋጋዬን ሳልጨርስ መሳቅ ጀመረ። በጎቹ ቀና ብለው አዩን። ይኸው እስከ ዛሬ ገበያ አልወሰድናቸውም።